የመምህር ጠና ሰላጣ

መምህር ጠና ሰላጣ አይወዱም ነበር። ቅጠል ሲባል ካልተቀቀለና ቅቤ ካልነካው ለፍየል እንጂ ለሰው የሚሆን አይመስላቸውም። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ጎመኑን በአይብ አድርገው ከትኩስ ቆጮ ጋር ሲያቀርቡላቸው ጣታቸውን እስኪልሱ ይበላሉ፤ ጥሬ ቅጠል ግን ቢለመኑም አፋቸው ገብቶ አያውቅም። ጡረታ ከወጡ በኋላ በየቀኑ ወደ ሆሳዕና ገበያ እየወረዱ አንድ እስር ሰላጣ የሚገዙት ሰው እንግዲህ እኚሁ ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በቲማቲም ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። አንዲት ልጃቸው ሰሎሜ ዱራሜ አግብታ እዚያው በነርስነት ትሠራለች። መምህር ጠና ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ድንገት ቤት ሲቀመጡ ጠዋቱ ረዘመባቸው፣ ከሰዓቱም ረዘመባቸው። ቢቸግራቸው ወጥ መሥራት ጀመሩ። አንድ ቀን ለወጡ ቲማቲም ፍለጋ ወደ አትክልት ተራ ሲገቡ፣ ሰማያዊ ጃንጥላ ሥር በርጩማ ላይ የተቀመጠች ሴት ከመደቧ ላይ ጥሩ ጥሩውን መርጣ መዘነችላቸው።

"ቲማቲም ብቻ?" አለቻቸው። "ሰላጣስ? ዛሬ ጠዋት የተቆረጠ ነው። ለግፊት ጥሩ ነው ይላሉ።"

"ግፊት እንዳለብኝ በምን አወቁ?"

"መምህር አይደሉ? ግፊት የሌለበት መምህር አይቼ አላውቅም።"

መምህር ጠና ሳቁ። ከሳቁ ቆይተው ነበርና ድምፃቸው ለራሳቸውም እንግዳ ሆነባቸው። ሰላጣውን ተቀብለው ሄዱ።

ሴትየዋ ትርፊት ትባላለች። በሆሳዕና አቅራቢያ የምትገኘው የጃጁራ ልጅ ናት። ባሏ የሞተባት ገና በወጣትነቷ ነው፤ አንድ ልጇን ኤልያብን በዚያች መደብ አሳድጋ፣ አስተምራ፣ አሁን ሐዋሳ ሹፌር ሆኖላታል። ገበያው ውስጥ ብዙው ሰው "የኤልያብ እናት" ነው የሚላት። ፈገግ ስትል ዓይኖቿ ጥብብ ይላሉ፤ መምህር ጠና መጀመሪያ ያዩት ይህንኑ ነው።

በማግስቱ በዚያው በኩል ሲያልፉ ከሩቅ ጠራቻቸው። "መምህር! ሰላጣውን በሉት?"

አልበሉትም። ጠረጴዛ ላይ እንዳስቀመጡት ጠውልጎ ነበር። መምህር ጠና ደግሞ ውሸት አይሆንላቸውም፤ ሊዋሹ ሲሞክሩ ጆሯቸው ይቀላል። "አልበላሁትም" አሉ። የሴትየዋ ፊት ቅር ሲለው አይተው፣ "ዛሬ ማታ እበላዋለሁ" ብለው ቃል ገቡ።

ቃል ከገቡ በኋላ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ማታ ሰላጣውን ውሃ ፈሰስ አድርገውበት፣ ቆራርጠው፣ ጨውና ሎሚ ጨምረው፣ እንደ ኮሶ ዓይናቸውን ጨፍነው ዋጡት። በማግስቱ ራሳቸው ቀድመው "በላሁት" አሏት። ትርፊት ፊቷ በራ። ከክምሩ ሥር ገብታ ልቡ የጠበቀውን፣ ቅጠሉ የለሰለሰውን እስር መርጣ ሰጠቻቸው። "ይህን ለእርስዎ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት" አለች። ከዚያ ወዲያ እንዴት ብለው ይተዉት?

እንዲህ እያለ ልማድ ሆነ። መምህር ጠና ሰላጣ ገዝተው ወዲያው አይሄዱም፤ በርጩማ ስበው ይቀመጣሉ። ነፋስ የገለበጠውን የጃንጥላዋን እግር በሽቦ አሰሩላት። እሷ ስለ ኤልያብ ታወራቸዋለች፣ እሳቸው ስለ ሰሎሜ። ከጎኗ ሱቅ ውስጥ ሳፋ፣ ጆግና ጀሪካን የምትሸጠው ሱምያ ሁሉንም እየሰማች ትስቃለች። ሱምያ የወልቂጤ ነጋዴ ልጅ ናት፤ አባቷ ሆሳዕና ከከፈቱት ሱቅ ውስጥ ያደገች ቀልደኛ ሴት።

"መምህር፣ ብቻዎን አይደሉ እንዴ የሚኖሩት?" አለቻቸው አንድ ቀን።

"ብቻዬን ነኝ።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ሰላጣ ማን ይበላዋል?"

"እኔ" አሉ መምህር ጠና ኮስተር ብለው። ሱምያ ሳቋን ለመደበቅ ዞራ ሳፋዎቿን ትቆጥር ጀመር።

የትርፊት ሰላጣ በገበያው የታወቀ ነው። ከሰዓት በኋላ የሌሎቹ ሲጠወልግ የእሷ አሁን እንደተቆረጠ ሆኖ ያብለጨልጫል። ይህም በከንቱ አይደለም። ከከተማው በታች በወንዙ ዳር ካሉት የጓሮ አትክልት አልሚዎች ጠዋት በማለዳ ወርዳ ታመጣለች፤ እነሱ ጭቃውን እዚያው ወንዙ ውስጥ አጥበው ያስረክቧታል። መደቧ ላይ ደግሞ ባልዲ ውሃ አስቀምጣ በየጊዜው ትረጨዋለች። የቧንቧ ውሃ በየቀኑ አይመጣም፤ ስለዚህ በባልዲው ያለውም የዚያው የወንዝ ውሃ ነው። እሷም ሆነች ጎረቤቶቿ ክፉ ነገር አድርገው አላዩትም። ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ሰላጣውም ያምራል፤ ገዢም ይደሰታል።

ክረምቱ ከገባ በኋላ የመምህር ጠና ሆድ መረበሽ ጀመረ። መጀመሪያ ብርድ ነው አሉ። ከዚያ የበሉት ቆጮ ነው አሉ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስብከቱ ሳያልቅ ደጋግመው እየወጡ ሲመለሱ አጠገባቸው የተቀመጡት ሽማግሌ ቅር ተሰኙ። ቀበቷቸው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሱ። ሰሎሜ ስትደውል "ደህና ነህ አባዬ?" ካለቻቸው "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላሉ፤ ይህ ውሸት አይደለምና ጆሯቸው አይቀላም። ሰላጣቸውን ግን አላቋረጡም። ትርፊት "ከስተዋል እኮ፣ መምህር" ብላ ስትጨነቅ፣ ይበልጥ ይጠንክሩ ብላ በአንዱ እስር ላይ ሌላ ትጨምርላቸዋለች።

አንድ ቀን መደቧ ላይ ቆመው ሳለ ምድር ዞረባቸው። የጃንጥላውን እግር ያዙ፤ ጃንጥላው ከእሳቸው ጋር ተያይዞ ወደቀ። ሱምያ እየጮኸች ከሱቋ ወጣች። ትርፊት መደቧን ለሱምያ አደራ ብላ ባጃጅ አስቆመች፣ ሰውየውን ደግፋ አስገባች፤ እስከ ክሊኒኩ በር ድረስ እጃቸውን አልለቀቀችም። ፈርታ ስለነበር በሀዲይኛ ነበር የምትጸልየው፤ መምህር ጠና ራሳቸውን ሊስቱ ምንም ያልቀራቸው ቢሆንም ስማቸው በጸሎቱ ውስጥ መኖሩን ሰምተዋል።

ክሊኒኩ ውስጥ ደማቸውንም ሰገራቸውንም መረመሩ። ውጤቱን ይዞ የመጣው የላቦራቶሪ ባለሙያ ማቲዎስ የሚባል ረጋ ያለ ወጣት ነው። አጎንብሶ በትሕትና ነገራቸው።

"ጃርዲያ አለብዎት፣ ወስፋትም አለ። ስለቆየብዎት ሰውነትዎን አድክሞታል። መድኃኒቱን በትክክል ከወሰዱ ይለቅዎታል፤ አይስጉ። ውሃ ከየት ነው የሚጠጡት?"

"አፍልቼ ነው የምጠጣው።"

"ጥሬ አትክልትስ ይመገባሉ? ሰላጣ፣ ካሮት፣ እንዲህ ያለ ነገር?"

ትርፊት በጎናቸው ተቀምጣለች። "አልፎ አልፎ" አሉ መምህር ጠና፣ ጆሯቸውም ቀላ።

"አልፎ አልፎ!" አለች ትርፊት በመገረም። "እንዴ መምህር! በየቀኑ እኮ ነው። እኔ አይደለሁ የምሸጥልዎት? ይኸው ልጄ፣ እንደ እሳቸው ሰላጣ የሚወድ ሰው የለም። ትኩሱን፣ ታጥቦ የመጣውን ነው የምሰጣቸው።"

"በምን ውሃ ነው የሚታጠበው፣ እናቴ?" አላት ማቲዎስ።

"በወንዙ ውሃ።"

ወጣቱ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ሽንት ቤት የሌለው ሰው ሜዳ ላይ ሲወጣ ዝናቡ ያንን ወደ ወንዝ እንደሚያወርደው፣ የወስፋት እንቁላል በዓይን የማይታይ ሆኖ ቅጠል ላይ ተጣብቆ እንደሚቆይ፣ የሚቀቀል ጎመን ላይ ያለው እሳት ሲያገኘው እንደሚሞት፣ ሰላጣ ግን እሳት ስለማያገኘው ይዞት እንደሚገባ አስረዳት። "እርስዎ ብቻ አይደሉም" አላት። "ከየትኛውም ከተማ ገበያ ቅጠል አምጥቶ በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው የሚያገኘው ይህንኑ ነው። የሚረጨውም ውሃ ይጨምርበታል።"

ትርፊት እጇን አየችው። ያ እጅ ከክምሩ ሥር ገብቶ ምርጥ ምርጡን ለመምህር ጠና ያወጣው ነበር። መድኃኒቱን ገዝታ፣ እቤታቸው አድርሳቸው፣ ለሰሎሜ አስደውላ፣ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ሄደች።

ሰሎሜ በማግስቱ ከዱራሜ ደረሰች። አባቷን ስታይ አለቀሰች፤ ለቅሶዋን ጨርሳ በሽታው ከምን እንደመጣ ስትሰማ ተቆጣች።

"ነርስ ልጅ እያለህ! ሰው ይሳቅብኝ? ይህን ሰላጣ ማን ነው የሸጠልህ?"

"ገበያ ነው።"

"ገበያ ሰው ነው? ስሟ ማን ነው?"

"ብዙ ሰው ይሸጣል" አሉ መምህር ጠና፤ እውነት ነውና። ከዚያም ብርድ ልብሳቸውን ስበው ተኛሁ አሉ።

ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ። ሰሎሜ ስትከፍት አንዲት ሴት በጨርቅ የተጠቀለለ ሳህን ይዛ ቆማለች። "የቡላ ገንፎ ነው" አለች ሴትየዋ። "ለታመመ ሆድ ይስማማል።" ሰሎሜ ደስ ብሏት አስገባቻት፣ ወንበር ሰጠቻት። አባቷን ወደ ክሊኒክ ያደረሰችው ሴት እሷ መሆኗን ስትሰማ ደግሞ ተነሥታ እጇን ሳመች።

"እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ ባይኖሩ ምን ይሆን ነበር! እኔ ግን ያቺን ሰላጣ ሻጭ ባገኛት! በዚህ ዕድሜ ላለ ሽማግሌ በቆሻሻ ውሃ የታጠበ ቅጠል ትሸጥለታለች? ልብ የላትም?"

ትርፊት የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለችው፣ ፈታችው።

"እኔ ነኝ" አለች።

ሰሎሜ አልገባትም። "ምን?"

"ሰላጣውን የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ፣ ልጄ። አላወቅኩም ነበር። በእግዚአብሔር ፊት አላወቅኩም። ጥሩ ጥሩውን እየመረጥኩ ነበር የምሰጣቸው። በጣም ስለሚወዱት።"

"ስለሚወደው?" አለች ሰሎሜ። ንዴቷ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። "አባዬ ሰላጣ ይወዳል? እናቴ ሠላሳ ዓመት ለምና አንድ ቅጠል አስበልታው አታውቅም! ልጅ ሆኜ እንኳ ሰላጣ ስበላ ሲያየኝ እንደ ፍየል ነበር የሚጮህብኝ።"

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ አልጋው ዞሩ። መምህር ጠና ዓይናቸውን ጨፍነው ተኝተዋል፤ ትንፋሻቸውም እንቅልፍ የወሰደው ሰው ትንፋሽ ነው። ጆሯቸው ግን እንደ በሰለ ቃሪያ ቀልቷል።

ሰሎሜ አፏን በእጇ ያዘች። ትርፊት ተነሥታ፣ "ገንፎው ሳይቀዘቅዝ ይብሉ" ብላ፣ ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታጠልቅ ወጣች።

"አባዬ" አለች ሰሎሜ በሩ ከተዘጋ በኋላ። "ተነሥ፣ ሄዳለች።"

"ተኝቻለሁ" አሉ መምህር ጠና።

መምህር ጠና ድነው ወደ ገበያ እስኪወርዱ ድረስ ትርፊት ዳግመኛ ወደ ቤታቸው አልመጣችም። ገንፎውን ግን በሱምያ እጅ ትልክ ነበር። አፋቸው በመድኃኒቱ እንደ ብረት መርሮባቸው ሳለ እንኳ እሱን ይበሉ ነበር። ጉልበታቸው ሲመለስ ንጹህ ሸሚዝ ለብሰው፣ ዱላ ይዘው ወጡ። ጃንጥላው በቦታው ነው። መደቡ ላይ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጎመንና ቀይ ሥር ተደርድሯል። ሰላጣ የለም፣ ካሮትም የለም፣ ባልዲውም የለም።

"ደህና ዋሉ?" አለቻቸው ቀና ሳትል።

"ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።" ቀጥለው ምን እንደሚሉ ጠፋቸው። እስከ ዛሬ እዚህ የሚያቆማቸው ምክንያት አንድ ብቻ ነበር። "ሰላጣ የለም እንዴ?" አሉ።

ትርፊት ብድግ አለች። "ሰላጣ? ሰላጣ አልክ? አንተ ሰውዬ፣ ያምሃል እንዴ? በእኔ እጅ ሞተህ ቢሆንስ? ልጅህን ምን እላት ነበር? አልወድም ማለት እንዴት ያቅትሃል? አንዲት ቃል! ድንች ብትገዛ ድንች እሰጥህ ነበር!"

ሱምያ ከሱቋ ደጃፍ ጆግ በእጇ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ትርፊትም ያለችው ለራሷ ሲሰማት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። "ይቅርታ፣ መምህር። አንተ አልኩዎት።"

"ግድ የለም" አሉ መምህር ጠና። "እንደሱ ይሁን። ደስ ይላል።"

በርጩማውን ስበው ተቀመጡ። ዝናብ ያረጠበው ገበያ ጭቃ ጭቃ ይሸታል። እንደ ሒሳብ መምህርነታቸው ነገሩን ከመጀመሪያው ተነሥተው በቅደም ተከተል ሊያስረዱ ጀመሩ፤ ቲማቲም ሊገዙ መምጣታቸውን፣ ስለ ግፊት የቀለደችውን፣ ቃል መግባታቸውን። መሐል ላይ ግን ጠፋባቸው።

"ልጅህ ነግራኛለች" አለች ትርፊት ለመርዳት።

"ምን ብላ?"

"ሰላጣ እንደማትወድ።"

"ያንን ብቻ?"

"ሌላውን እኔው ደረስኩበት።" ዓይኖቿ ጥብብ አሉ። ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እኔም ተመርምሬ ነበር" አለች። "አለብኝ። እኔም ያንኑ ሰላጣ አይደል የምበላው? ያንን መራራ ክኒን ትናንት ነው የጨረስኩት።"

ሁለቱ ተያይተው ሳቁ። ሱምያ ከውስጥ ሆና "እንኳን ደስ ያላችሁ!" ብላ ጮኸች፤ ለየትኛው እንደሆነ ግን አልተናገረችም።

የሰላጣው ነገር ግን በዚህ አላበቃም። ብዙ ደንበኛ የሚያመጣላት እሱ ስለነበር መደቡ ቀዘቀዘ፤ እሷም ሰው ጥሬ ቅጠል መብላት ይተዋል ብላ አላሰበችም፤ እሷ ብትተው ከሌላው ይገዛል። ስለዚህ መምህር ጠናን ይዛ አንድ ጠዋት ወደ ወንዙ ወረደች። እስከ ዛሬ እርሻውን እንጂ ከእርሻው በላይ ያለውን አይታ አታውቅም። በወንዙ ዳር ሽቅብ ሲሄዱ ልብስ የሚያጥቡ፣ ከብት የሚያጠጡ ሰዎች አገኙ፤ ከዚያም ከፍ ብሎ ከቤቶች ጓሮ እየተንጠባጠበ የሚወርደውን ፍሳሽ አዩ። ትርፊት ከዚያ በላይ መሄድ አልፈለገችም። "ይበቃኛል" አለች።

የአክስቷ ልጅ ሀቢቾ በሚባል ቦታ የጉድጓድ ውሃ ያለው ጓሮ አለው። እዚያ ሰላጣ እንዲያለማላት ተስማሙ። ከሱምያ ክዳን ያለው ጀሪካን ወስዳ የቧንቧ ውሃ በመጣ ቁጥር ትሞላለች፤ ለመርጨት ከእሱ ሌላ አትነካም። ሰላጣውም ተመለሰ። ግን አሁን ለሚገዛ ሰው ሁሉ፣ "እንዲሁ አይበላም፤ ቅጠል በቅጠል ነጥለሽ፣ በሚወርድ ንጹህ ውሃ አጥበሽ" ትላለች። ገዢዎቹ ደነገጡ።

"ለምን? በሽታ አለበት?"

"የሁሉም ሊኖርበት ይችላል። የእኔም።"

ገዢዎቹ አስቀምጠውት ይሄዳሉ። ከማዶ አትክልት የምትሸጠው ጣቢታ አንድ ቀን ወገቧን ይዛ መጣች። "አንቺ የኤልያብ እናት፣ ገበያችንን ልታዘጊ ነው? በአፍሽ ያባረርሻቸው የእኔም ደንበኞች ናቸው!" ትርፊት ያልተሸጠውን ሰላጣ ማታ ይዛ ስትገባ አንገቷን ደፍታ ነበር። መምህር ጠና ይህን አይተው ለሰሎሜ ደወሉ።

ሰሎሜ ለገበያ ቀን መጣች። ከሱምያ ሱቅ ነጭ ሳፋ ወስዳ ገበያው መሐል አስቀመጠች፤ ከጣቢታ መደብም ከትርፊት መደብም እኩል ሰላጣ አነሣች። ቅጠል በቅጠል እየነጠለች፣ ከጀሪካኑ ውሃ እያወረደች ታጥብ ጀመር። ሴቶቹ መጀመሪያ በሩቅ አዩ፣ ከዚያ ቀረቡ። ንጹህ መስሎ ከነበረው ቅጠል የወረደው አሸዋ፣ ፈትልና ጥቃቅን ነገር በሳፋው ነጭ ላይ ግልጽ ሆኖ ታየ። ሰሎሜ "ይህ የምናየው ነው" አለች። "የሚያሳምመን የማናየው ነው። ሰላጣ አትብሉ አላልኩም። አጥባችሁ ብሉ፤ እጃችሁንም ታጠቡ።" ጣቢታ ሳፋው ላይ አጎንብሳ አየችና፣ ታናሽ ልጇ ሆዱን እንደሚያመው ነግራ፣ የወስፋት መድኃኒት የሚሰጠው የት እንደሆነ ጠየቀቻት።

በዚያ ቀን ሱምያ ሳፋዋን ሁሉ ሸጣ ጨረሰች። የትርፊት ሰላጣ ደግሞ ቀስ በቀስ እንደገና ገዢ አገኘ፤ "የምታስጠነቅቀዋ ሴትዮ" ብለው የሚፈልጓት እንኳ ተገኙ።

ሰሎሜ ወደ ዱራሜ ከመመለሷ በፊት አባቷን በረንዳ ላይ አስቀመጠቻቸው።

"አባዬ፣ ሽማግሌ ላክ።"

"በዚህ ዕድሜዬ? ሰው ምን ይላል?"

"በሰላጣ ሞተ ከሚል ይሻላል" አለችና ሳመቻቸው።

መምህር ጠና ሽማግሌ መላካቸውን ትርፊት በስልክ ስትነግረው ኤልያብ፣ "እማ፣ መኪና ይዤ ልምጣ ወይስ በሚኒባስ ትሄዳላችሁ?" አለ፣ የት እንደሚሄዱ ሳይጠይቅ። ጃጁራ ያለው ታላቅ ወንድሟ ኤሊያስ ሳይሰማና ሳይመርቅ ነገሩ እንደማይሆን እሱም ያውቃል።

በሚኒባስ ሄዱ። ኤሊያስ ቁጡ ሽማግሌ ነው፤ መምህር ጠናን ከእግር እስከ ራሳቸው መረመራቸው፣ ስለ ቤታቸው፣ ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው፣ ስለ ጤናቸው ጠየቃቸው። ስለ ጤናቸው ሲጠይቅ ትርፊት ወደ ውጭ ወጣች፤ ሳቋ ይሰማል ብላ ፈርታ። በመጨረሻ አተካና ቀረበ፤ በአይብና በቅቤ የተሠራ የቡላ ምግብ፣ ለክብር እንግዳ የሚሠራ። ኤሊያስ በእጁ አጉርሷቸው፣ "እህቴን አደራ" አላቸው። መምህር ጠና ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ፤ አፋቸው ሞልቶ ነበር፣ ዓይናቸውም።

ሲመለሱ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። ሚኒባሱ ሞልቶ፣ ከትርፊት እግር ሥር ወንድሟ የሰጣት ዶሮ በዘንቢል ውስጥ ታንቀላፋለች። መንገዱ ያነገላታል፤ በሁለቱም በኩል የእንሰቱ ቅጠል በዝናብ ታጥቦ ያብረቀርቃል። ትርፊት ገና ማለዳ ነበር የተነሣችው፤ ጥቂት እንደሄዱ ራሷ ወደ መምህር ጠና ትከሻ ዘንበል አለ። ረዳቱ ገንዘብ ሊሰበስብ መጥቶ "ጋሼ፣ ሂሳብ" ሲላቸው፣ እንዳትነቃ ብለው በሌላኛው እጃቸው፣ በማይመቻቸው በኩል፣ ኪሳቸውን ሲዳብሱ ቆዩ። ትከሻቸው ደንዝዞ ነበር። ሆሳዕና እስኪገቡ ድረስ አላንቀሳቀሱትም።